ሽሬደር ውስጥ ዲስክ ተቀርቅሮ መብራት ቢጠፋ ምን ታደርጋላችሁ?

የመዝገብ_ቤቷ (ደብረ ብርሃን)

ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን አንድ መስሪያ ቤት ውስጥ መዝገብ ቤት ነው የምሰራው። በቅርቡ ሽሬደር (ወረቀት የሚቆራርጥ ማሽን) ተገዛልን፣ ከላይ ሰፊ የወረቀት አፍ አለው ከፊቱ ደሞ ለሲዲና ለኤቲኤም ካርድ የሚሆን ጠበብ ያለ ሌላ አፍ አለው። እኛ ጋ ከድሮ ጀምሮ የተጠራቀመ ሁለት ካርቶን ሙሉ ሲዲና ዲቪዲ አለ፣ የሰራተኛ ማህደር ስካን ተደርጎ የተገለበጠበት፣ የባለጉዳይ መታወቂያ ኮፒ፣ ጉርድ ፎቶ፣ የምስክር ቃል ሳይቀር። ብዙው ሰርቨር ላይ ተጭኗል ስለተባለ ይወገድ ተብሎ ለኔ ተሰጠኝ።

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት የሆነውን ልንገራችሁ። አስራ ምናምን ሲዲ ያለምንም ችግር ቆረጥኩ፣ ከዛ አንድ ዲቪዲ ግማሹ ከገባ በኋላ ተቀረቀረ፣ ማሽኑ አቃሰተና ቆመ፣ ምን ባደርገው ይሻላል ብዬ ሳስብ ደሞ መብራት ጠፋ። እኔ በልቤ እንደውም ጥሩ ሆነ፣ አሁን ኤሌክትሪክ የለውም በእጄ አወጣዋለሁ አልኩ። ብርዱን የምታውቁት ነው፣ ሹራብ ላይ ነጠላ ደርቤ ነበር። ጎንበስ ብዬ የዲቪዲውን ጫፍ በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ ይዤ ግራና ቀኝ እያወዛወዝኩ እያለ መብራቱ መጣ። ማሽኑ በራሱ ተነሳ። ዲቪዲውን ከእጄ ነጥቆ ዋጠው፣ የነጠላዬ ዘርፍም አብሮ ገባ፣ አንገቴ ወደ ታች ሲጎተት ይታወቀኛል መጮህ እንኳን አልቻልኩም። አብረውኝ የሚሰሩት ጋሼ ከወንበራቸው ዘለው ሶኬቱን ከግድግዳው መንጭቀው ነቀሉልኝ። ነጠላው አንድ ስንዝር ያህል ተበላ፣ ሌባ ጣቴን ዲቪዲው ሸርክቶኛል፣ ከዛ ያለፈ ነገር አልደረሰብኝም ተመስገን። ግን ከዛ ቀን ወዲህ ማሽኑ አጠገብ ስደርስ እጄ ይንቀጠቀጣል።

ጥያቄዬ፣ ምንም ሳልነካው ለምን በራሱ ተነሳ? የተቀረቀረ ዲስክ እንዴት ነው የሚወጣው? ካርቶኑ ውስጥ ፍላሽም፣ ሁለት ሃርድ ዲስክም፣ ካሴትም አለ፣ እነሱስ ይገባሉ? ማንዋሉ ግማሹ ጠፍቷል፣ "በጥንቃቄ ተጠቀሚ" ከማለት ያለፈ ያሳየኝ ሰው የለም።

ጠባሴ_ጥገና

እህቴ እንኳን ተረፍሽ። የቢሮ ማሽን ስጠግን ብዙ ዓመቴ ነው፣ ሽሬደር ጣቱን የጎዳው ሰው አይቻለሁ ስለዚህ ይሄን ነገር አቅልዬ አላወራውም።

በራሱ የተነሳው ተበላሽቶ አይደለም፣ አሰራሩ ነው። አፉ መሃል ላይ ሴንሰር አለ፣ አንዳንዱ ላይ የብርሃን ዓይን ነው አንዳንዱ ላይ ወረቀቱ ሲገባ የሚገፋት ትንሽ ምላስ ናት። ማብሪያው አውቶ ላይ ከሆነ ሴንሰሩ ፊት የሆነ ነገር በመጣ ቁጥር ሞተሩ ይነሳል። ያንቺ ዲቪዲ ሴንሰሩን ሸፍኖ ነበር የቆመው፣ መብራት ሲጠፋ ማብሪያው አውቶ ላይ እንዳለ ቀረ፣ መብራት ሲመጣ ሴንሰሩ አሁንም ተሸፍኗል፣ በቃ ካቆመበት ቀጠለ። ሌላም ልጨምርልሽ፣ ሞተሩ ሲግል ራሱን ያጠፋል፣ ከቀዘቀዘ በኋላ ደሞ ማብሪያውን ሳትነኪው ሊነሳ ይችላል። ዝም ስላለ ብቻ ሞቷል ብለሽ እንዳታምኚው።

ስለዚህ እጅ ከመሄዱ በፊት ሶኬቱ ከግድግዳ ይነቀል። ማብሪያውን ማጥፋት አይበቃም። ዲቫይደሩን ማጥፋትም አይበቃም፣ ሌላ ሰው ስልኩን ቻርጅ ሊያደርግ ይመጣና ያበራዋል። ነቅለሽ ጫፉን ዓይንሽ የሚያየው ቦታ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪው። መብራት ሲጠፋ ደሞ የመጀመሪያ ስራሽ እሱ ይሁን፣ ምንም ባይቀረቀርም።

አወጣጡ እንዲህ ነው። መጀመሪያ እጅሽን አርቀሽ ሪቨርስ ተጫኚ፣ ወደ ኋላ ትንሽ ይተፋልሻል፣ ከዛ ወደፊት፣ ከዛ እንደገና ወደ ኋላ፣ ሁለት ሦስቴ ሞክሪ። አብዛኛው በዚሁ ይወጣል። እምቢ ካለ ሶኬቱን ንቀይ፣ የማሽኑን ራስ ከቅርጫቱ ላይ አንሺና ጠረጴዛ ላይ አጋድሚው፣ ሹል አፍ ያለው ፒንሳ ይዘሽ ዲስኩን ቀጥ አድርገሽ ወደ ላይ ሳቢ። እያወዛወዝሽ አይደለም፣ ስታወዛውዢው ይሰበርና ስንጣሪው ጥርሶቹ መሃል ይገባል። ቢላና ካቻቢቴ ማሽኑ እንደተሰካ አስገብተው የሚጎረጉሩ አሉ፣ ጥርሱንም ይሰብራሉ ራሳቸውንም ይጎዳሉ።

አገባቡ ላይ ደሞ፣ አንድ ጊዜ አንድ ዲስክ ብቻ። ከወረቀት ከረጢቱና ከፕላስቲክ ቤቱ ይውጣ፣ ቤቱ ለዚህ ማሽን አይሆንም። ጠርዙን ይዘሽ አስገቢ፣ ማሽኑ መሳብ እንደጀመረ ልቀቂው። መሃል ላይ ባለው ቀዳዳ ጣት አስገብቶ መያዝ ፈጽሞ አይቻልም፣ ማሽኑ ዲስኩን ሲስበው ጣትሽ ቀለበት ውስጥ እንደገባ ይቆጠራል። ነጠላ፣ ጋቢ፣ ስካርፍ፣ ክራቫት፣ አንገት ላይ የሚንጠለጠል የመታወቂያ ገመድ፣ የተለቀቀ ጸጉር፣ ይሄ ሁሉ ከማሽኑ ይራቅ። ብርዱን አውቃለሁ፣ ቁልፍ ወይ ዚፕ ያለው ጃኬት ልበሺ።

የመዝገብ_ቤቷ

ወንድሜ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የቀዳዳውን ነገር ሳነበው ሰውነቴ ነው የቀዘቀዘው፣ እኔ ሁሉንም በቀዳዳው ነበር የምይዛቸው፣ የሚያብረቀርቀውን እንዳልነካ ብዬ። ሲዲ ስንሰማበት የለመድነው አያያዝ እኮ ነው። የዛን ቀንም መብራት ሳይጠፋ ጣቴ ቀዳዳው ውስጥ የነበረባቸው አስራ ምናምን ዲስኮች አልፈዋል ማለት ነው።

ደብረሲና_ነርስ

ዓይናችሁንም አትርሱ። ሲዲ ሲቆረጥ ዝም ብሎ አይቆረጥም ይፈነጠራል፣ ስንጣሪው ወደ ላይ የሚወጣበት ጊዜ አለ፣ ጎንበስ ብሎ አፉን እያየ የሚያስገባ ሰው ፊቱ እዛው ነው። ብየዳ ቤት የሚሸጠው ነጩ ፕላስቲክ መነጽር ይበቃል፣ ጠቆር ያለው ሳይሆን ነጩ። ዓይን ውስጥ ስንጣሪ ከገባ ደሞ እንዳታሹት፣ ቀጥታ ጤና ተቋም።

እህቴ ጣትሽን በሳሙናና በውሃ በደንብ ታጥበሽው ነበር? ቁስሉ ጠለቅ ያለ ከሆነ ወይም ውስጡ ስንጣሪ የቀረ ከመሰለሽ ታይተሽ የቴታነስ መርፌሽን ጉዳይም ጠይቂ። ቀላል ነው ተብሎ ሲተው ነው የሚያመረቅዘው።

ጫጫ_01

ይቅርታ ግን ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምን? ሲዲውን በሚስማር ጫር ጫር አድርጎ ከግቢ ቆሻሻ ጋር ማቃጠል አይቀልም? እኛ ሰፈር ሁሌ እንደዛ ነው የሚደረገው።

መሐልሜዳ_አይሲቲ

ወንድሜ ጫጫ ጥያቄህ የብዙ ሰው ጥያቄ ስለሆነ በደንብ ልመልስልህ። ሲዲ 1.2 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ፖሊካርቦኔት የሚባል ፕላስቲክ ነው። ዳታውን የያዘው ስስ የብረት ሽፋን የሚገኘው በሚያብረቀርቀው በኩል ሳይሆን ከላይ ጽሑፍ ባለበት በኩል ነው፣ ከሱ በላይ ቀለምና ስስ ቫርኒሽ ብቻ ነው ያለው። ሰው ግን የሚጭረው የሚያብረቀርቀውን ነው፣ እሱ ደሞ ፕላስቲኩን ብቻ ነው የሚጎዳው፣ ቢወለወል ተመልሶ ሊነበብ ይችላል። ዲቪዲ ከሆነ ደሞ ሁለት 0.6 ሚሊሜትር ፕላስቲኮች ተጣብቀው ዳታው መሃላቸው ነው ያለው፣ ከየትም በኩል ብትጭረው በቀላሉ አትደርስበትም።

ማቃጠሉን እባካችሁ ተዉት። ጭሱን የሚተነፍሰው አቃጣዩና ጎረቤቱ ነው፣ ሽታው ብቻ ይነግራችኋል። ማይክሮዌቭ ውስጥ የሚከቱም አሉ፣ እሱም ያው ጭስ ነው፣ ቤት ውስጥ ደሞ ይብሳል፣ እሳትም ያስነሳል።

አሁን ደሞ ስለ ሽሬደሩ እውነቱን ልናገር። ተራ የቢሮ ሽሬደር ሲዲን ሦስት ወይ አራት ቦታ ነው የሚሰነጥቀው። ዓለም አቀፍ መለኪያ አለ፣ መጀመሪያ በጀርመን ዲን 66399 ተብሎ እ.ኤ.አ በ2012 የወጣ፣ በኋላ አይኤስኦ/አይኢሲ 21964 የሆነ። እያንዳንዱን የዳታ መያዣ በፊደል ይለየዋል፣ ፒ ለወረቀት፣ ኦ ለሲዲና ዲቪዲ፣ ቲ ለማግኔት ካሴት፣ ኤች ለሃርድ ዲስክ፣ ኢ ለፍላሽና ለመሳሰሉት፣ ከዛ ከ1 እስከ 7 ደረጃ አለው፣ ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ቁራጩ ያንሳል። ለዲስክ ኦ-1 ማለት ቁራጩ ከ2,000 ካሬ ሚሊሜትር አይበልጥም፣ ኦ-3 ደሞ ከ160 አይበልጥም። አንድ ሲዲ ቀዳዳው ተቀንሶ ወደ 11,100 ካሬ ሚሊሜትር ስፋት አለው፣ ለአራት ብትከፍሉት አንዱ ወደ 2,800 ይመጣል። የመጀመሪያውን ደረጃ እንኳን አላሟላም ማለት ነው። ኦ-3 ለመድረስ አንዱ ዲስክ ቢያንስ 70 ቦታ መሆን አለበት። ከማሽኑ ጀርባ ወይ ከካርቶኑ ላይ ኦ እና ቁጥር ተጽፎ እንደሆነ እዪው እህቴ፣ ፒ-4 ስለሚል ብቻ ለሲዲም እንደዛው ነው ብለሽ አትውሰጂው።

አራት ቦታ የተሰነጠቀ ሲዲ ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ አይነበብም፣ ለተራ ሰው በቂ ነው። የሰው መታወቂያና የምስክር ቃል ላለበት ግን እኔ ቢሆን ቁራጮቹን ደባልቄ በተለያየ ጊዜ ነው የማስወግዳቸው፣ ሲዲ ከሆነ ደሞ ከመቆረጡ በፊት በጽሑፉ በኩል በወፍራም የአሸዋ ወረቀት ሽፋኑን አነሳዋለሁ። ብናኙ እንዳይተነፈስ እርጥብ ጨርቅ ላይ አድርጎ፣ ጓንት ለብሶ።

ፍላሽና ሜሞሪ ካርድ ሽሬደር ውስጥ እንዳይገባ። የፍላሹ ብረት ጥርሱን ይሰብራል፣ ዳታው ያለባት ጥቁር ቺፕ ደሞ ከጥፍር ብዙም ስለማትበልጥ ሳትነካ ልታልፍ ትችላለች። ቅርፊቱን አውልቆ ቺፗን ራሷን ነው መሰባበር፣ ጨርቅ ጠቅልሎ በመዶሻ፣ መነጽር አድርጎ። ፍላሽ ላይ "ፎርማት አድርጌዋለሁ" የሚለው አይሰራም፣ ውስጡ ያለው ኮንትሮለር አዲስ የሚጻፈውን በሌላ ቦታ ስለሚያስቀምጠው አሮጌው ሳይነካ ሊቀር ይችላል። ማግኔት ማስጠጋትም ለፍላሽና ለሲዲ ምንም አያደርግም፣ ማግኔት አይደሉማ። ባትሪ ያለበት ነገር ደሞ፣ ስልክ በሉት ምን፣ መዶሻም ሽሬደርም አይንካው፣ ሊትየም ባትሪ ሲወጋ ይነዳል።

ሃርድ ዲስኩ የሚሰራ ከሆነ መጀመሪያ ሙሉውን በሌላ ዳታ ይጻፍበት፣ ለዘመኑ ዲስክ አንድ ዙር ይበቃል። የማይሰራ ከሆነ ወይ ተጨማሪ እርግጠኝነት ከፈለጋችሁ በትራፓኖ ሳህኖቹን መብሳት ነው። አደራ የላፕቶፕ ከሆነ ሳህኑ መስታወት ሊሆን ይችላል፣ እንደ ብርጭቆ ነው የሚበተነው፣ ስለዚህ ሳይከፈት ከነቤቱ ብሱት። ይሄን ስራ ለአይሲቲ ክፍላችሁ ስጡት እህቴ፣ አንቺ ላይ አይጫን።

ሸዋሮቢት_ፎቶ

ካሴቱን እኔ ልመልስ። የሰርግ ቪዲዮ ስንቀርጽ የኖርን ሰዎች ነን፣ ደንበኛ "የኔን አጥፉልኝ" ያለው ካሴት ነበር። አንድ ጊዜ ልጃችን ሪባኑን ፈትቶ ሽሬደር ውስጥ ለቀቀው። ጥርሱ አልቆረጠውም፣ ዘንጉ ላይ እንደ ድውር ተጠመጠመ፣ ግማሽ ቀን ሙሉ ሶኬቱ ተነቅሎ በምላጭና በጉጠት ስንለቅም ዋልን። ካሴት በመቀስ ነው፣ ሪባኑን ከነጥቅሉ አውጥታችሁ እንደ ጎመን ክተፉት። ቲ-ምናምን የሚለውን እኔ አላውቅም ግን በመቀስ የተከተፈ ሪባን ማንም አይቀጥለውም። የድሮው ፍሎፒ ካለም የብረት ክዳኑን ነቅላችሁ ውስጡ ያለችውን ስስ ክብ አውጥታችሁ በመቀስ።

እነዋሪ_ኮፒቤት

ዘይት ማንም አላነሳም። የኔ ማሽን ቶሎ ቶሎ ይቀረቀር የነበረው ዘይት ስላልተቀባ ነበር፣ አሁን ቅርጫቱን በደፋሁ ቁጥር አንድ ወረቀት ላይ ዘይት እያዞርኩ አፈስና አስገባዋለሁ፣ ከዛ ትንሽ ወደ ኋላ አሽከረክረዋለሁ። የማበስለውን ዘይት ነው የምጠቀመው፣ ግን ጠዋት ጠዋት ጥርሱ ይከብደዋል፣ ምን ይሆን?

ጠባሴ_ጥገና

የምትጠቀመው የሚረጋው ዘይት ነው አይደል? ፓልም ነው እሱ። እዚህ ደጋ ላይ ማታ ጠርሙሱ ውስጥ እንደሚረጋው ጥርሱ መሃልም ይረጋል፣ የወረቀቱን ብናኝ ይዞ እንደ ሊጥ ይሆናል። ሸዋሮቢት ቢሆን ላታየው ትችላለህ። የሽሬደር ዘይት ካገኘህ እሱን፣ ካጣህ የማይረጋ ፈሳሽ የአትክልት ዘይት፣ ትንሽ ብቻ። የሞተር ዘይት አይሆንም። ከሁሉ በላይ ግን በሚነፋ ቆርቆሮ ያለ ነገር፣ ደብሊውዲ 40 ይሁን ኮምፒውተር ማጽጃ አየር፣ ሽሬደር አጠገብ እንዳይነፋ። ብዙዎቹ የሚገፋቸው ጋዝ ተቀጣጣይ ነው፣ ውስጡ ይጠራቀምና ሞተሩ ሲነሳ በምትወጣው ብልጭታ ይያያዛል። የተሸፈነውን ክፍል የምታጸዱት ነቅላችሁ በብሩሽ ነው።

እና ቮልቴጁን እዩ። ከአሜሪካ በዘመድ የመጣ 110 የሚል ማሽን 220 ላይ ተሰክቶ ሲጨስ ደርሼ አውቃለሁ። ከኮምፒውተር ጋር አንድ ዲቫይደር ላይም አይሰካ፣ ቀጥታ ከግድግዳ።

ጡረተኛው_ኦዲተር

ልጄ፣ ስለ ጣትሽ ሌሎቹ በደንብ ነግረውሻል። እኔ የምጠይቅሽ ሌላ ነው። "ይወገድ" ያለሽ ማነው? በቃል ነው በደብዳቤ? የመንግስት መስሪያ ቤት ከሆነ ሪከርድ በአንድ ሰው ቃል አይጠፋም፣ የብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አዋጅ ቁጥር 179/1991 ከወጣ ስንት ዘመኑ። ሲዲም ሪከርድ ነው፣ ወረቀት ስላልሆነ አይምሰልሽ። በሌላ በኩል ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ፣ የሰውን መረጃ ያለ ምክንያት አከማችቶ ማቆየትም፣ ሳይጠብቁ መጣልም ያስጠይቃል። ሁለቱ አይጋጩም፣ የሚያስታርቃቸው ዝርዝርና ቃለ ጉባኤ ነው። እያንዳንዱ ዲስክ ቁጥር ይሰጠው፣ ውስጡ ምን እንዳለ ይጻፍ፣ ሰርቨር ላይ መኖሩን ከፍቶ ያየ ሰው ይፈርም፣ ሲቆረጥ ሁለት ሰው ይቁም። "ተጭኗል ተብሏል" ማለት ተጭኗል ማለት አይደለም። በስራ ዘመኔ የአንድ ቀበሌ ሙሉ የይዞታ ፎቶ ያለበት ብቸኛ ቅጂ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ አግኝቼ አውጥቻለሁ፣ በማግስቱ ቢሆን ኖሮ የለም።

ሁለት ሰው መቆሙ ላንቺም ይጠቅምሻል። የዛን ቀን ብቻሽን ብትሆኚ ሶኬቱን ማን ይነቅልልሽ ነበር?

የመዝገብ_ቤቷ

ጋሼ እውነትዎን ነው፣ በቃል ነበር የተነገረኝ። ነገ ለኃላፊዬ በጽሑፍ አቀርባለሁ። ዲስኮቹንም አልነካም እስከዛ።

ጫጫ_01

መሐልሜዳ ተምሬያለሁ አመሰግናለሁ። የተቆረጠው ፕላስቲክስ የት ይደፋ? እኛ ጋ በግ በየመንገዱ ነው የሚግጠው፣ ያገኘውን ላስቲክ ሁሉ ይበላል።

መሐልሜዳ_አይሲቲ

ከወረቀቱ ጋር እንዳይደባለቅ በመጀመሪያ፣ ቅርጫቱ ባለ ሁለት ክፍል ከሆነ ለዲስኩ የተለየው አለ፣ ካልሆነ ዲስክ ከመጀመራችሁ በፊት ወረቀቱን ድፉት። ሲሞላ በእጅ አትጫኑት፣ ስለት ነው። ድርብ ማዳበሪያ ውስጥ ከታችሁ አፉን በደንብ አስራችሁ "ስለት አለው" ብላችሁ ጻፉበት፣ የሚያነሳው ሰው ጀርባው ላይ ነው የሚሸከመው። ሜዳ ላይ እንዳይደፋ፣ በጉም ሕፃኑም ያገኘዋል።

የመዝገብ_ቤቷ

ሁለት ሳምንት ሆኖኝ ነው የመጣሁት፣ ይቅርታ። ኮሚቴ ተቋቁሞ ዲስኮቹ አንድ በአንድ ተከፈቱ። 214 ነበሩ። 9ኙ ሰርቨር ላይ የሉም፣ ሦስቱ ደሞ ጭራሽ የሌላ ክፍል ናቸው፣ ለብቻ ተቀመጡ። ጋሼ ባይጽፉልኝ እነሱም አልቀው ነበር፣ ያ ማሽኑ የበላው ዲቪዲ ግን ምን እንደነበረ እስካሁን አላወቅንም፣ ቁራጩ ላይ ያለው ጽሑፍ "2ኛ ዙር" ብቻ ነው የሚለው፣ በቃለ ጉባኤው ላይ እንዳለ ተጽፏል። ሃርድ ዲስኮቹንና ፍላሾቹን አይሲቲ ወሰዳቸው። ማሽኑ ጀርባ ላይ ፒ-4 እና ኦ-1 ይላል፣ ስለዚህ የምስክር ቃል ያለባቸውን መሐልሜዳ እንዳለው ሽፋናቸውን እየላግን ነው የምንቆርጠው፣ አሰልቺ ነው ግን የሰው ጉዳይ ነው።

ነጭ መነጽር ሁለት ተገዛ። ነጠላዬን በር ላይ ሰቅዬ በጃኬት ነው የምሰራው፣ ፀጉሬን አስሬ። በጠርዝ መያዙ መጀመሪያ ላይ እጄ እምቢ ብሎኝ ነበር፣ አሁን ለምዶታል።

ትናንት ከሰዓት ዲስክ ግማሹ እንደገባ መብራት ጠፋ። እኔ ገና ዞር ሳልል አብረውኝ የሚሰሩት ጋሼ ተነስተው ሶኬቱን ነቀሉና ጠረጴዛው ላይ፣ ፊቴ አስቀመጡት፣ ከዛ ፒንሳውን አቀበሉኝ።